መሬት ላራሹ፤ አውሬውስ ለማን?

(ስለ አደን ክልከላ ክርክርና ከክርክሩ ስለጠፋው ባላገር)

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት በጀርመንና በቦትስዋና መካከል በተነሳው ጠብ ውስጥ ግን የእውነት ዝሆኖች ነበሩበት። በአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ተወካይ በሽቴፊ ሌምከ ይመራ የነበረው የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር፣ አዳኞች ከአፍሪካ ገድለው የሚያመጡትን ቀንድ፣ ቆዳና ጥርስ ወደ አገር የማስገባት ፈቃድ እንዲጠብቅ ፈለገ። የዚያን ጊዜው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ሞክግዊትሲ ማሲሲም ለቢልድ ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ሃያ ሺህ ዝሆን ለጀርመን በስጦታ እንደሚልኩና ጀርመኖች ለሌላው እንደሚመክሩት ከእንስሶቹ ጋር አብረው ኖረው እንዲያዩት ተናገሩ። ብዙው ሰው ሳቀ፤ ጋዜጦች ቀለዱ፤ ወሬውም በሁለት ሳምንት ውስጥ በረደ።

ውድ አንባብያን፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ቦትስዋና ዝሆን አይደለም። ተረቱን ያነሳሁት ሣሩን ለመፈለግ ነው። ሣሩ ማለት ገብሱ እንዳይበላበት ሌሊቱን ማማ ላይ ሲጮህ የሚያድረው የአርሲ፣ የባሌ፣ የሰሜን ተራሮች ባላገር ነው። ስለ አደን በሚደረገው ክርክር ሁሉ ስሙ የማይነሳ፣ ዕዳው ግን የሚወድቅበት እሱ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር ሲሆኑ «ዓ.ም.» ብዬ እለያቸዋለሁ።)

በዚያ ሰሞን እዚህ ፍራንክፈርት፣ ባንሆፍስፊርቴል ውስጥ ሐበሾች ቡና በምንጠጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ጉዳዩ ተነስቶ ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ሀብታም ፈረንጅ ቀንድ ግድግዳው ላይ ለመስቀል ብሎ የሀገራችንን ብርቅዬ እንስሳ መግደሉ ውርደት ነው፤ ይከልከል» አለ። ሁለተኛው ወገን «ትናንት ቅኝ ገዥ፣ ዛሬ ደግሞ ሞግዚት ሊሆኑን ነው፤ በሀብታችን ምን አገባቸው?» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ወገኖች የተማሩ፣ ላገራቸው የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ በፈጀው ሙግት «ገበሬ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰማም። የኔ ሂስ የሚያነጣጥረውም እዚህ ላይ ነው። የአደን ክርክር የእንስሳ ክርክር መስሎ ይጀመራል እንጂ በውስጡ የባለቤትነት ክርክር ነው፤ ይህን ሳይረዱ «ይከልከል» ወይም «አይከልከል» ማለት ከጥያቄው መሸሽ ነው።

ሀ) እንግሊዞች በቀበሮ ሰበብ

በሀገር ደረጃ ስለ አደን ክልከላ ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ስመ ጥሩ የእንግሊዝ ነው። ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ ኮት ለብሶ፣ በውሻ መንጋ ቀበሮ ማሳደድ የመሳፍንቱና የባለርስቱ መዝናኛ ነበር። የቶኒ ብሌር መንግሥት ዘመን ሲመጣ ነገሩ ፓርላማ ገባ፤ ምክር ቤቱ ከ700 ሰዓት በላይ እንደተከራከረበት ይነገራል። በመስከረም 2002 አራት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከየገጠሩ ተሰብስቦ ለንደን ላይ ሰልፍ ወጣ። በመስከረም 2004 ተቃዋሚዎች የሕዝብ እንደራሴዎቹ አዳራሽ ድረስ ጥሰው ገቡ። የላይኛው ምክር ቤት ሕጉን አላሳልፍም ቢልም፣ እሱን ማለፍ በሚያስችል ልዩ ሥርዓት ሕጉ ጸድቆ በየካቲት 2005 ሥራ ላይ ዋለ።

ልብ በሉ፤ ያ ሕግ በውሻ ማደንን ከለከለ እንጂ መግደልን አልከለከለም። አጋዘንና ወፍ በጠመንጃ መተኮስ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ቀበሮውም በጥይት መሞቱን አላቆመም። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰዓት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ ስለ ምን ነበር? ስለ እንስሳው ሥቃይ ከልባቸው የተከራከሩ እንደነበሩ አልክድም። ትልቁ ጥያቄ ግን «በገጠሩ ላይ የሚወስነው ማን ነው? የጥንቱ ባለርስት ወይስ የከተማው መራጭ?» የሚል ነበር። ብሌር ራሳቸው በ2010 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው በዚህ ሕግ እንደተጸጸቱ ጽፈዋል። ነገሩ ዛሬም አልሞተም፤ የሌበር ፓርቲ በ2024 የምርጫ ሰነዱ የቀረውን ቀዳዳ እደፍናለሁ ብሎ ቃል ገብቷል።

ለ) ከባንሆፍስፊርቴል እስከ ጳውልስኪርሸ

ጀርመኖች ይህን ጥያቄ ከእንግሊዞች ቀደም ብለው፣ በሌላ መንገድ ገጥመውታል፤ የገጠሙትም እዚሁ ከተማ ነው። ከባንሆፍስፊርቴል ወጥቶ ወደ አሮጌው ከተማ በእግር የሚሄድ ሰው ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጳውልስኪርሸ ከተባለው ክብ ሕንፃ ይደርሳል። በ1848 አብዮት የመጀመሪያው የጀርመን ብሔራዊ ጉባዔ የተሰበሰበው በዚያ ነው። ብዙዎቻችን ጉባዔውን የምናውቀው በንግግር ነጻነትና በአንድነት ጥያቄ ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ 1848 በወጣው የመሠረታዊ መብቶች ሕግ ውስጥ ስለ አደን የሚናገር አንቀጽ አለ፦ የማደን መብት የመሬቱ ባለቤት ነው፤ ጌቶች በሌላ ሰው መሬት ላይ የነበራቸው የአደን መብትና ገበሬው ለአደናቸው የሚከፍለው የጉልበት ግብር ያለ ካሣ ተሽሯል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ስናስብ የአንቀጹ ክብደት ይገባናል። አጋዘኑና የዱር አሳማው የጌታው ነበሩ። የገበሬውን እህል ቢበሉ ገበሬው ሊተኩስ አይችልም፤ ቢተኩስ ይቀጣል። ጌታው ሲያድን ደግሞ ፈረሱና ውሻው አዝመራውን እየረገጡ ያልፋሉ፤ ገበሬውም ሥራውን ትቶ አውሬ ያባርርለታል። የገባርን ታሪክ ለምናውቅ ለኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። መብቱን ያገኘው ገበሬ የዘመናት ቂሙን በአውሬው ላይ ተወጣ፤ ያገኘውን ሁሉ ተኮሰ። ስለዚህ የፕሩሲያ መንግሥት በ1850 ባወጣው ሕግ መብቱን ለባለመሬቱ ትቶ፣ አጠቃቀሙን ግን ትናንሽ መሬቶች ተሰባስበው በጋራ እንዲያስተዳድሩት አደረገ። የዛሬው የጀርመን አደን ሕግ፣ በመካከሉ የናዚው ጎሪንግ የ1934 ሕግ ጥላ ቢያርፍበትም፣ በዚሁ አጥንት ላይ የቆመ ነው፤ ሰባ አምስት ሄክታር የሌለው ባለመሬት በማኅበር ይደራጃል፤ ማኅበሩ ቦታውን ለአዳኝ ያከራያል፤ ኪራዩ ለባለመሬቶቹ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዱር አሳማ በቆሎውን ያጠፋበት ገበሬ በሕግ ካሣ ይከፈለዋል። አልፎ ተርፎም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በሰኔ 2012፣ በሕሊናው አደንን የሚቃወም አንድ ጀርመናዊ ባለመሬት በመሬቱ ላይ እንዲታደን ሊገደድ አይገባም ብሎ ፈረደለት።

ስለዚህ ጀርመን ውስጥ ሦስት ነገሮች በወረቀት ሰፍረዋል፦ የጉዳቱ ካሣ፣ የጥቅሙ ድርሻ፣ «በኔ መሬት አይሆንም» የማለት መብት። ሌሎች አገሮችን ስለ አደን የሚመክሩ ፖለቲከኞች ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ለባሌ ገበሬ ይዘው ሲቀርቡ አላየሁም።

ሐ) ገዳይና ወይጦ

ወደ ቤታችን እንመለስ። አደን በኛ ባህል ክብር ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን ለጌታው ያቀርባል፤ ይፎክራል፤ ይሸለማል፤ ጎፈር ያደርጋል፤ ጆሮውን ተበስቶ ጉትቻ ያንጠለጥላል። በአንጻሩ ደግሞ በየወሩ በአምስት የምናስባቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ተሥለዋል። አውሬ ገድሎ መከበርም፣ ከአውሬ ጋር በሰላም ኖሮ መከበርም ሁለቱም የኛ ናቸው። «ባህላችን ይህ ነው» ብሎ አንዱን ብቻ መምዘዝ አያዋጣም።

ነገር ግን ይህ ክብር ለሁሉም አዳኝ አልነበረም። ጣና ዳር ጉማሬ አድነው ይበሉ የነበሩት፣ ሌላው ሰው «ወይጦ» ብሎ በንቀት የሚጠራቸው ወገኖቻችን በማደናቸው ተከብረው አያውቁም፤ በበሉት ሥጋ ምክንያት ክርስቲያኑም እስላሙም ማዕድ አላጋራቸውም። በከፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ዕጣም ተመሳሳይ ነው። ለጌጥ የገደለ ተዘፈነለት፤ ለዕለት ጉርሱ የገደለ ግን ከሰው ተራ ወጣ። ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ ቀይ ኮት የለበሰው አዳኝና በሌሊት ጥንቸል የሚሰርቅ ደሃ በአንድ ሚዛን እንዳልተመዘኑ ሁሉ፣ እኛም ዘንድ ሕጉና ወጉ የሚመዝነው አደኑን ሳይሆን አዳኙን ነበር።

መ) የመንግሥት አጋዘን

የደጋ አጋዘን፣ በተለምዶ ኒያላ የምንለው፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የሚኖረውም በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ተቀርጿል፤ ሲጋራው፣ መድን ድርጅቱ፣ መኪና አስመጪው በስሙ ተጠርተዋል። የፈረንጅ ሳይንስ ያወቀው አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 ተኩሶ ከጣለው በኋላ ነው፤ በ1910 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለትም በገዳዩ ስም ተጠራ። ከእንስሳው ጋር ለዘመናት የኖረው የአርሲና የባሌ ሰው በዚያ ስም ውስጥ የለም። እንደኔ እንደኔ የነገሩ ሁሉ ምሳሌ ይህ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባለርስቱን ነቀለ፤ «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች መፈክር ግማሽ መንገድ ሄደ። ግማሽ ያልኩበት ምክንያት መሬቱ በመጨረሻ የገባው ከመንግሥት እጅ ስለሆነ ነው። አውሬው ደግሞ ያን ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም፤ ከንጉሡ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ ተላለፈ እንጂ የባላገሩ ሆኖ አያውቅም። ባላገሩ የሚያውቀው ከርከሮና ዝንጀሮ እህሉን ሲያጠፉ፣ ነብር በጉን ሲወስድ ነው። ካሣ የለም፤ ቢተኩስ ግን እስር አለ።

ውጤቱ በ1991 ታየ። ደርግ ሲወድቅ በባሌ ተራሮች ፓርክ ሕንፃዎቹ ተዘረፉ፤ አጋዘኖቹም በብዛት ተገደሉ። ከሳንቲሙ ላይ ያለውን እንስሳ ሰዎቹ ጠልተውት ነው? አይመስለኝም። ከግጦሽና ከማገዶ የከለከላቸው መንግሥት ወደቀ፤ እንስሳው ደግሞ የመንግሥት ነበር። የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት መጋዘን፣ የመንግሥት አጋዘን። ከወደቀው ጋር አብሮ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ በሕጉ በኩል ብዙ ተሠርቷል። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የዱር እንስሳትን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአርሲና በባሌ ደን ውስጥ እንደ ሙነሳ፣ አባሼባ ደመሮና ኦዶቡሉ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች አሉ። የውጭ አዳኝ ለአንድ ወንድ ኒያላ ፈቃዱን፣ መሪውንና ጉዞውን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ከጫካው ጥግ የሚኖረው ቤተሰብ ስንቱን እንደሚያገኝ ግን በየቀበሌው ተለጥፎ የሚነበብ ሒሳብ አይደለም።

ሠ) የሁለቱ ወገኖች ሙግት ሲፈተሽ

«ይከልከል» የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ቁጥሩ በትክክል ያልታወቀ እንስሳ ላይ የግድያ ኮታ መመደብ በጭለማ መንዳት ነው፤ ኒያላ ደግሞ በ2010 አካባቢ በነበረው ግምት ወደ አራት ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ቀንዱ ትልቅ የሆነውን እየመረጡ መግደልም ለዘሩ አይበጅም። ይህን የሚሉትን «የፈረንጅ ተላላኪ» ማለት ስንፍና ነው።

ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ምን ያመጣል? ኬንያ በ1977 አደንን ፈጽማ ከለከለች። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው በኬንያ የግጦሽ ምድር ላይ የዱር እንስሳት ከ1977 ወዲህ በ68 ከመቶ ያህል ቀንሰዋል። ይህን ያመጣው ክልከላው ነው ማለቴ አይደለም፤ የሕዝብ ብዛት፣ የከብት ብዛት፣ አጥርና ድርቅ ተደራርበዋል። ማለት የምችለው ክልከላው አላዳናቸውም ነው። ጥይቱን ብታስቆሙ ማረሻውን አታስቆሙም፤ እንስሳው የሚያልቀው ደግሞ በብዛት በማረሻ ነው።

«አይከልከል» የሚሉትም የሚጠቅሱት ምሳሌ አላቸው፤ ናሚቢያ በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ተደራጅተው በዱር እንስሶቻቸው እንዲጠቀሙ ፈቀደች፤ ዛሬ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ከ80 በላይ ናቸው። ጥሩ ነው። ነገር ግን የኛዎቹ የናሚቢያን ስም ጠርተው የኢትዮጵያን አሠራር ሲከላከሉ ማታለል አለበት። ናሚቢያ ውስጥ ውል የሚዋዋለው ማኅበሩ ነው። እኛ ዘንድ ውሉ በመንግሥትና በአደን ድርጅቱ መካከል ነው፤ ገበሬው በስብሰባ ላይ ይነገረዋል። «ማኅበረሰቡ ተጠቃሚ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ላይ መጻፍ ገበሬውን የውል ተዋዋይ አያደርገውም። ሉዓላዊነት የሚሉት ካባም ይህን ጉድለት አይሸፍነውም።

በነገራችን ላይ ከአደን ውጭ ያለው ጥበቃም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። ዋልያን ለማዳን ሲባል በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። በውጭ ያለነው ደስ አለን፤ ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ የሚጠራው ዋልያ ተረፈ አልን። የግጭ ሰው ምን እንዳለ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ረ) ሦስት ጥያቄዎች

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ድልድይ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጭነቱ በየትኛው ምሰሶ ላይ አረፈ?» ብለን ነው። ቀለሙ ስለማማሩ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። የዱር እንስሳ ጥበቃም ጭነት አለው፤ ጭነቱ ያረፈው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ እሱም ባላገሩ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የአደን ሕግ፣ የሚከለክልም ይሁን የሚፈቅድ፣ በሦስት ጥያቄዎች ቢፈተን እላለሁ፦

1ኛ) ጉዳቱን ማን ይከፍላል? እህሉ ለጠፋበትና በጉ ለተበላበት ገበሬ ካሣ የማይሰጥ ሕግ ገበሬውን በግድ ለጋሽ ያደረገ ሕግ ነው። ቀንድ እንዳይገባ የሚከለክል የአውሮፓ መንግሥትም ቢሆን ገንዘቡ የሚቀርበትን ሰው አስቦ ምትክ ካላቀረበ፣ የራሱን ሕሊና በሌላ ሰው ገብስ መግዛቱ ነው።

2ኛ) ሒሳቡን ማን ያያል? ስንት ተቆጠረ፣ ስንት ተፈቀደ፣ ስንት ተገደለ፣ ስንት ተከፈለ፣ ለማን ደረሰ? ይህ በየዓመቱ በኦሮምኛና በአማርኛ በየቀበሌው ሊለጠፍ ይገባል። ቆጠራው አጠራጣሪ በሆነበት ዓመት ኮታው ዜሮ ይሁን።

3ኛ) እምቢ ማለት የሚችለው ማን ነው? አንድ ጀርመናዊ ባለመሬት በሕሊናው እምቢ ብሎ ስትራስቡርግ ድረስ ሄዶ ረትቷል። የባሌ ቀበሌ «ዘንድሮ በኛ ጫካ አይታደንም» ወይም «ይታደናል፤ ውሉን ግን እኛ እንፈርማለን» ማለት ይችላል?

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም፤ ባገራችን ተሠርቶበታል። በመንዝ የጓሳ ምድር ገበሬዎቹ በአጽመ እርስት መብት ላይ የተመሠረተ የራሳቸው የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ነበራቸው። አስተዳዳሪያቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ የጓሳው ሣር እንዲያገግም አካባቢውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ የጣሰውን ይቀጣሉ። የ1967ቱ አዋጅ መብቱን ሲያነሳ ሥርዓቱ ተዳከመ፤ መንዞች ግን ጨርሰው አልተዉትም፤ በኋላም በሌላ መልክ መልሰው አቋቋሙት። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። ሳርቤቱን የሚከድንበትን ጓሳ ለመጠበቅ ሲል ባላገሩ ቀበሮውን አብሮ አተረፈው።

«ሰው በሚያልቅበት ዘመን ስለ አጋዘን ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኦሮሚያ ለዓመታት የዘለቀው ግጭትና በአማራ ክልል በ2023 የተነሳው ጦርነት ያፈናቀለውና የገደለው ሰው ነው፤ ሰው ይቀድማል። ነገር ግን 1991ን አስታውሱ። መንግሥት በሚዳከምበት፣ ጠመንጃ በሚበዛበት ጊዜ ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም አይኖርም፤ የፍራንክፈርትም ሆነ የለንደን ክልከላ ባሌ ጫካ ውስጥ አይደርስም። በዚያ ሰዓት አጋዘኑን የሚያድነው ወይም የሚገድለው ጎረቤቱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ «የኔ ነው» ካለ ይተርፋል፤ «የነሱ ነው» ካለ ያልቃል።

በውጭ የምንኖር ሰዎች የድጋፍ ፊርማ ስንጠየቅ ቶሎ እንፈርማለን። ከእንግዲህ ስለ ዋልያ ወይም ስለ ኒያላ ወረቀት ሲቀርብልን፣ ከመፈረማችን በፊት ባላገሩ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ እንፈልግ። ከሌለ ወረቀቱን እንመልሰው፤ ሲጽፉት እንዲያስገቡትም እንንገራቸው።

ቸር ይግጠመን።

ከፍራንክፈርት አም ማይን